ከ«ቆራጥ» እስከ «ቆራጣ»

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ለአንድ ጉዳይ ከጎንደር ወደ መተማ እወርድ ነበር። ገንዳ ውሃ ለመግባት ጥቂት ሲቀረን የመኪናችን ጎማ ተነፈሰ። ስኮርታው ሲወርድ እሱም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። እየተንፏቀቅን ከተማው ዳር ካለ አንድ ጎሚስታ ደረስን።

ባለቤቱ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ፊቱ ፀሐይ የጠገበ ሰው ነው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። መሬት ላይ ባነጠፈው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ የእኛን ጎማ በአንድ እግሩ ረግጦ ይዞ፣ በብረት ሲያላቅቀው ዐይኔን መንቀል አቃተኝ። ለጨዋታ ያህል «ምን እግር ጣላችሁ?» ቢለኝ፣ ሳላስበው «እንዲያው እግር ጥሎኝ ነው» አልኩት። ወዲያው ደነገጥኩ። እሱ ግን ቀና እንኳ ሳይል፣

«አይ ጋሼ! እርስዎን እግር ጥሎ አመጣዎት፤ እኔን ደግሞ እግሬ ጾረና ላይ ጥሎኝ ሄደ» ብሎ ሳቀ።

ስለ ሰምና ወርቅ ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ ለፍልፌአለሁ። እንዲህ ያለ ኅብረ ቃል ግን ከተማሪም ከመምህርም ሰምቼ አላውቅም።

ሰው ሠራሽ እግሩ ግድግዳው ላይ፣ ከተለጣጠፉት የውስጥ ጎማዎች መሃል ተሰቅሏል። ለምን እንደማያደርገው ጠየቅሁት። «እሷ ለሠርግና ለቀብር ናት» አለኝ። የቆላው ሙቀት ሲበረታ የተቆረጠው ጫፍ ያልበዋል፤ ሲያልበው ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ይቆስላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የመተማ ዋልካ ጤነኛውንም እግር ይዞ አይለቅም። በዚያ ላይ መርገጫዋ አልቋል። ለማስቀየር ባሕር ዳር መሄድ አለበት፤ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። የመኪናው፣ የአልጋው፣ የምግቡ፣ ሱቁ ተዘግቶ የሚውልበት ቀን ሲደመር… «የእግሯ ዋጋ አይደለም እኮ ጋሼ፣ የመንገዷ ነው።»

ያን ሰው ካየሁ ወዲህ ሁለት ቃላት ከአእምሮዬ አልወጡም። «ቆራጥ» እና «ቆራጣ»። ሁለቱም ከአንድ ግንድ፣ «ቆረጠ» ከሚለው ግስ የበቀሉ ናቸው። ወጣቱ ሲዘምት «ቆራጥ» ነው። በደርግ ዘመን መሪውም «ቆራጡ መሪያችን» ነበሩ። በኢሕአዴግም ታጋዩ ቆራጥ ነበር። ዛሬም ቃሉ ከመግለጫ አልጠፋም። ያው ቆራጥ ልጅ እግሩን አጥቶ ሲመለስ ግን መንደሩ «እግረ ቆራጣ» ይለዋል። ከአንዲት ፊደል ድምፅ በቀር ልዩነት የለም። በዚያች አንዲት ፊደል ውስጥ ግን አንድ ሙሉ ዕድሜ አለ።

መተማ ስትነሳ ሁላችንም የምናስታውሰው አንድ ራስ ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ እዚያ ቆሰሉ፤ በቁስላቸውም ሞቱ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። ይህንን አልቅሰንበታል፣ ገጥመንበታል፣ ተውኔት ሠርተንበታል። ደግም አደረግን። ነገር ግን ከዚያ ውጊያ እጅና እግራቸውን ጥለው ወደየቀያቸው የተንፏቀቁት ስንት ነበሩ? ምን በልተው ኖሩ? ታሪካችን ስለ ራስ እንጂ ስለ እግር ብዙ አይጨነቅም። ይባስ ብሎ፣ የተቆረጠ እጅና እግር ለዘመናት የቅጣት ምልክት ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላ ለጣልያን ተሰልፈው የተማረኩ በመቶዎች የሚቆጠሩ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። እንግዲህ ገበያ መሃል አንድ ጎዶሎ አካል ያየ ሰው «ጀግና ነው? ወይስ ሌባ?» ብሎ የሚጠራጠርበት አገር ነበር ያለን።

ጣቴን ወደ ሌላ ብቻ አልቀስርም። እኔ ራሴ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ጦርነትን እንደ ታሪክ ጫፍ አድርጌ ነው ያስተማርኩት። ጡዘት፣ ልቀት፣ መጋረጃ! በ1975 ዓ.ም. የታተመውን የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ስንተነትን ስለ ፍቅሩና ስለ ፖለቲካው ስንት ሰዓት ተከራክረናል። ከዚያ ዘመቻ ክራንች ይዞ የተመለሰው ወታደር በማግስቱ ምን ሠርቶ አደረ የሚል ጥያቄ ግን በፈተናዬ ላይ አውጥቼ አላውቅም። ስለ ሰርቫንቴስ ሳወራም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1571 በሌፓንቶ የባሕር ጦርነት ግራ እጁ ከጥቅም ውጭ እንደሆነና ቆይቶ «ዶን ኪኾቴ»ን እንደጻፈ በኩራት እናገራለሁ። በመካከሉ በ1590 የአገልግሎት ዘመኑን ጠቅሶ በአሜሪካ ግዛቶች ሹመት እንዲሰጠው ለንጉሡ ማመልከቱን፣ ጥያቄውም ውድቅ መሆኑን እዘለው ነበር። ለካስ ቁም ነገሩ የዘለልኩት ላይ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት ድርሰት መጥቷል። «አካል ጉዳት ያልበገረው» የሚል። ጋዜጣውም፣ ሬዲዮውም፣ ቴሌቪዥኑም ይወደዋል። ሰውየው መድረክ ላይ ይወጣል፣ ይጨበጨብለታል፣ የምስክር ወረቀት ይቀበላል፣ ይወርዳል። መቼስ ማጨብጨብ ነውር አይደለም። ግን ድርሰቱ አንድ ተንኮል አለው፤ ሁሉን ነገር ለሰውየው ወኔ ይተወዋል። ከተነሳ ወኔው አነሳው፤ ከወደቀ ወኔ አነሰው። መንገዱ፣ ማዕከሉ፣ በጀቱ ከታሪኩ ይሰወራሉ።

የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክም እንዲህ ነው የምናወራው። የክብር ዘበኛው ወታደር፣ የሮምና የቶኪዮ ማራቶን ባለድል፣ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። በ1962 በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በ1963 ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። ወኔ? እንዴታ! ነገር ግን አበበ የታከመው እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ነው። ያ ሆስፒታል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አከርካሪያቸው ለተጎዳ ወታደሮች ሲባል ዶክተር ጉትማን የተከለው የሕክምና ክፍል ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 እዚያው ግቢ 16 የቆሰሉ የጦር ሰዎች ያደረጉት የቀስት ውድድር ነው አድጎ ፓራሊምፒክ የሆነው። የአበበ ወኔ የሚያርፍበት ወንበር፣ ሐኪምና ሜዳ አገኘ። ወኔ ብቻውን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ እግር ነው።

አገራችን ድሃ ናት የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ግን ወታደር የመበተን ልምድ አያንሰንም። ከ1983 በኋላ ከ450 ሺህ በላይ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ወደ ሲቪል ኑሮ ተመልሰዋል። የባድመው ጦርነት ሲያበቃም ሌሎች ተከተሉ። ከ2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ሥራ የጀመረው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ደግሞ ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለመመለስ አቅዷል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግግ አዋጅም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ አለን፤ ቁጥሩ 568። ሕግም፣ ኮሚሽንም አላጣንም። የጎደለው ከዚያ በታች ያለው ነው። ሰው ሠራሽ እግር እንደ ጫማ ያልቃል፤ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል፣ በመሃል ይጠገናል። የሚጠገንበት ቤት ደግሞ ባሕር ዳር፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ አዲስ አበባ ነው። ቆላ ያለው ሰው በሌለው እግሩ እግር ፍለጋ ደጋ ይውጣ ማለት ነው። የጎንደር መተማ መንገድ ደግሞ ከዚያ ወዲህ በእገታና በግጭት ስንት ጊዜ እንደተዘጋ አንባቢ ያውቃል።

እና ምን ይደረግ? ቤተ መንግሥት አልጠየቅሁም። በዓመት ሁለት ጊዜ መሣሪያውን ጭኖ ገንዳ ውሃ የሚወርድ አንድ ባለሙያ፣ አንድ የጥገና ጠረጴዛ፣ ጥቂት ቅያሪ መርገጫ። ለሽልማት መድረኩ ድንኳን የምናወጣውን ያህል እንኳ አይደርስም ባይ ነኝ።

ጎሚስታው ሥራውን ጨርሶ ሒሳቡን ተቀበለ። ጨምሬ ልሰጠው ብል «ዋጋው ይሄ ነው» ብሎ ትርፉን መለሰልኝ። ልንነሳ ስንል ግን በክራንቹ ተደግፎ እስከ መኪናው ድረስ ሸኘንና፣ በመስኮት ጎንበስ ብሎ ሾፌራችንን ገሠጸው፦

«ሁለተኛ በዚህ መንገድ ያለ ስኮርታ እንዳትወርድ። ሰው ይዘህ እኮ ነው።»