የዳንከን ደግነት፦ በ«ማክቤዝ» ተውኔት ውስጥ የመልካም ንጉሥ ድርሻ

አርስቶትል «ፖኤቲክስ» በተባለው ድርሳኑ 13ኛ ምዕራፍ ላይ ለትራጀዲ ጸሐፊዎች አንድ ክልከላ ያስቀምጣል። ነውር የሌለበት ደግ ሰው ከክብር ወደ መከራ ሲወርድ ያየ ታዳሚ አይፈራም፣ አያዝንም፤ ይጸየፋል ይላል። ስለዚህ የትራጀዲው ዋና ባለታሪክ በደግነቱ ከሰው ሁሉ ያልላቀ፣ በክፋቱም ሳይሆን በስሕተቱ የሚወድቅ ሰው መሆን አለበት። ይህን ሚዛን ከተቀበልን ጻድቅ ንጉሥ የመድረኩን መሀል ተከልክሏል ማለት ነው። ታዲያ የት ይቁም? ምንስ ይሥራ?

ለዚህ ጥያቄ ከማውቃቸው መልሶች ሁሉ ጥልቁን የሰጠው የሼክስፒር «ማክቤዝ» ነው። የስኮትላንዱ ንጉሥ ዳንከን የሚናገረው በመጀመሪያው ገቢር፣ በሦስት ትዕይንቶች ብቻ ነው። በሁለተኛው ገቢር በማክቤዝ ቤት በእንግድነት በተኛበት በማክቤዝ እጅ ይገደላል። ሚናው አጭር በመሆኑም ሴራውን ከማስጀመር ያለፈ ፋይዳ እንደሌለው ተደርጎ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። እኔ የምከራከረው ከዚህ በተቃራኒ ነው። የማክቤዝን ወንጀል ሰበብ አልባ ያደረገው፣ እስከ አምስተኛው ገቢርም ድረስ በገዳዮቹ ላይ የሚፈርደው የዳንከን ደግነት ነው። ሼክስፒርም ይህን ደግነት ከታሪክ ምንጩ አላገኘውም፤ ራሱ አስቦበት ሠራው።

ምንጩን እንመልከት። በታሪክ የሚታወቀው ዳንከን ከ1034 እስከ 1040 ገዛ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተገደለውም በጦርነት እንጂ በአልጋው ላይ አይደለም። ማክቤዝ ከእርሱ በኋላ 17 ዓመት ነግሦ በ1050 ሮም ድረስ ለመንፈሳዊ ጉዞ ሄዷል። ሼክስፒር ያነበበው ግን የራፋኤል ሆሊንሼድን ዜና መዋዕል ነው፤ 2ኛው እትም የወጣው በ1587 ነው። በሆሊንሼድ ትረካ ዳንከን ልቡ የለዘበ፣ ጥፋተኛን ለመቅጣት እጁ የሚሰንፍ ገዥ ነው። ማክቤዝም እውነተኛ ቅሬታ አለው። ዳንከን ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጁን ማልኮልምን የከምበርላንድ መስፍን ብሎ ሲሾም፣ በአገሩ ሕግ ዙፋኑን ሊወርስ ይችል የነበረው የቅርብ ዘመድ ማክቤዝ ተስፋው ይዘጋል። ከነገሠ በኋላም ለ10 ዓመት ያህል በመልካም ሕግ ያስተዳድራል።

ጸሐፌ ተውኔቱ ይህን ሁሉ አወጣው። የግድያውን አኳኋን ከዚያው መጽሐፍ፣ ዶንዋልድ የተባለው ባላባት በቤቱ ያስተናገደውን ንጉሥ ደፍን ካስገደለበት ታሪክ ወሰደ። የሚገፋፋው ሚስት፣ የተኛው እንግዳ፣ ንጉሡ ከመኝታው በፊት ያደለው ስጦታ ሁሉም ከዚያ ነው። ነገር ግን ዶንዋልድም ቂም ነበረው፤ ንጉሡ ዘመዶቹን ሰቅሎበታል። ሼክስፒር የእንግዳውን መገደል አስቀርቶ ቂሙን ጣለው። ሁለት ምንጮች፣ ሁለት በዳይ ነገሥታት፣ ሁለት የተበደሉ ገዳዮች በእጁ ነበሩ፤ ከሁለቱም የወሰደው ደሙን እንጂ በደሉን አይደለም። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም።

እርግጥ ተውኔቱ በ1606 አካባቢ ሲጻፍ በእንግሊዝ ዙፋን ላይ የተቀመጠው የስኮትላንዱ ጄምስ ነበር። በ1605 በባሩድ ሊገድሉት የሞከሩ ሴረኞች ተይዘዋል። ጄምስ ከባንኮ ዘር ነኝ ይል ስለነበረ በሆሊንሼድ መጽሐፍ የግድያው ተባባሪ የሆነው ባንኮ በመድረኩ ላይ ንጹሕ ሆኗል። ይህ የቤተ መንግሥት ይሉኝታ ባንኮን ያስረዳል፤ ዳንከንን ግን ሙሉ በሙሉ አያስረዳም።

ወደ ዳንከን ትዕይንቶች ስንገባ በመጀመሪያው ከዓመፀኛው ማክዶንዋልድና ከኖርዌይ ወራሪዎች ጋር የተደረገውን ውጊያ ከቆሰለ መኮንን አፍ ሲሰማ እናገኘዋለን። የቆሰለው ሐኪም እንዲያገኝ ያዛል፤ የከዳው የካውዶር ባላባት ደግሞ ያለ መዘግየት እንዲገደልና ማዕረጉ ለማክቤዝ እንዲሰጥ ይወስናል። ይህ የሆሊንሼድ ልል ንጉሥ አይደለም። ምሕረቱም ፍርዱም በየቦታው ነው።

በአራተኛው ትዕይንት ስለ ካውዶር አሟሟት ሲነገረው፣ የሰውን ልብ ከፊቱ የሚያነብ ጥበብ እንደሌለ፣ ያንን ሰው ፈጽሞ አምኖት እንደነበር ይናገራል። ንግግሩ ሳያበቃ ማክቤዝ ይገባል። ብዙ ሐያስያን እዚህ ላይ ዳንከንን ቂል ይሉታል፤ አንዴ ተከድቶ፣ በዚያው ትንፋሽ ሌላውን ከዳተኛ ያቅፋልና። ይህን ፍርድ አልቀበልም። ማክቤዝ ያን ቀን አገሩን ከጥፋት ያወጣ፣ ደሙን ያፈሰሰ ዘመዱ ነው። ዳንከን እርሱን ለመጠርጠር ምን መረጃ ነበረው? ማክቤዝ እንደሚነግሥ የሚናገረውን የጠንቋዮች ትንቢት ከእርሱ ጋር የሰማው ባንኮ ነው፤ ባንኮም አንዳች አልተናገረም። ታዳሚው የሚያውቀውን ንጉሡ ስላላወቀ መውቀስ ግፍ ነው። ከዚህም በላይ ዳንከን ውለታን የመመለስ ጉጉቱ፣ የደስታ እንባው፣ ሹማምንቱን ተክሎ ለማሳደግ መመኘቱ የአገዛዙ ሥር ናቸው። በጥርጣሬ የሚገዛ ንጉሥ ቢሆን ኖሮ ወደ ማክቤዝ የኢንቨርነስ ግንብ ባልሄደ፤ ግን ደግሞ ዳንከን ባልሆነ።

ግንቡ ፊት ለፊት ቆሞ የአየሩን ጥራት ያደንቃል፤ ባንኮም በግድግዳው ላይ ጎጆ ስለሚሠሩት ወፎች ይነግረዋል። የቤቱን እመቤት በትሕትና እጇን ይዞ ይገባል። ከዚህ በኋላ ድምፁን አንሰማውም።

ደግነቱ በሙሉ ጉልበቱ መሥራት የሚጀምረው ግን እርሱ ከመድረኩ ከወጣ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ገቢር ሰባተኛ ትዕይንት ማክቤዝ ከራት ማዕዱ ተነሥቶ ብቻውን ይሟገታል። ለዳንከን ከማንም በላይ የሚመሰክረው ገዳዩ ነው። ዘመዱ ነኝ፣ አገልጋዩ ነኝ፣ አስተናጋጁም ነኝ፤ በሩን በገዳይ ላይ ልዘጋ ሲገባኝ እንዴት ቢላዋ እይዛለሁ እያለ ያስባል። ቀጥሎም ሥልጣኑን በየዋህነት እንደያዘ፣ በሹመቱም ጉድፍ እንዳልተገኘበት ያምናል፤ ምግባሩም እንደ መላእክት እየጮኸ በገዳዩ ላይ እንደሚከስ ይታየዋል። መጨረሻ ላይ የሚተርፈው ከልኩ ያለፈ ምኞት ብቻ ነው። ሆሊንሼድን ያነበበ ሰው የዚህን ንግግር ጭካኔ በደንብ ያየዋል፤ ማክቤዝ የሚያመካኝበትን ሁሉ ደራሲው አስቀድሞ ነጥቆታል። ገዳዩ ንጹሑን እንደሚገድል እያወቀ ይሄዳል፤ እኛም አብረነው እናውቃለን።

አኪራ ኩሮሳዋ በ1957 ተውኔቱን ወደ ጃፓን ወስዶ «የደም ዙፋን» የተሰኘውን ፊልም ሲሠራ ይህን ገለበጠው። በፊልሙ ውስጥ የሚገደለው ጌታ ራሱ ከእርሱ የቀደመውን ገድሎ የተሾመ ነው፤ ሚስትየዋም ባሏን የምታሳምነው በዚህ ነው። ድንቅ ፊልም ነው፤ ግን ሌላ ሥራ ሆኗል። ደም ደምን የሚተካበት ዓለም ውስጥ ማክቤዝ አንድ ተራ ባለተራ ይሆናል፤ የሚሰብረው ቅዱስ ነገር አያገኝም። ቨርዲ በ1847 ኦፔራው ደግሞ ለዳንከን አንዲት ቃል አልሰጠውም፤ በሙዚቃ ታጅቦ መድረኩን ያቋርጣል። ሊቋቋሙት የማይቻል ታላቅነት አለው፣ ነገር ግን የማንን ደግነት እንዳጣን ሳንሰማ እንቀራለን።

በተውኔቱ ውስጥ ደግነቱ ገዳዮቹን ከየአቅጣጫው ያገኛቸዋል። ባንኮ በዚያች ሌሊት ንጉሡ ለእመቤቲቱ የላከውን አልማዝ ያስረክባል። ያቺ ጨካኝ ሴት ተኝቶ ስታየው አባቷን መስሎባት እጇ ሳይደፍር ይቀራል። ግድያው ከመድረክ ውጭ ስለሚፈጸም በኅሊናችን የሚቀረው የዳንከን መልክ የመጨረሻው ደስታው ነው። ሮማን ፖላንስኪ በ1971 ፊልሙ ግድያውን በግልጽ አሳይቶ ይህን አጥቷል ብዬ አምናለሁ። በሦስተኛው ገቢር ዙፋኑን የያዘው ማክቤዝ በመቃብሩ በሰላም በተኛው በዳንከን ይቀናል። በአምስተኛው ገቢር እመቤቲቱ በእንቅልፍ ልቧ እየሄደች የሽማግሌውን ደም ብዛት ታነሣለች።

ባላባቱ ማክደፍ አስከሬኑን ሲያገኝ የሚጮኸው ስለ ተሰበረ ቤተ መቅደስ ነው፤ የተቀባው ንጉሥ አካል የእግዚአብሔር ማደሪያ ነበረና። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ማክቤዝን» ወደ አማርኛ ሲመልስ ይህን ምሳሌ ለማስረዳት መድከም አላስፈለገውም። የዘመኑ አንባቢ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅብዐ መንግሥት በተቀቡ ንጉሠ ነገሥት ሥር የሚኖር ነበር። የንጉሥ መገደል ከሰው መገደል የሚበልጥ ኃጢአት መሆኑን የሚያውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው። በተውኔቱ ከግድያው በኋላ ቀኑ ይጨልማል፣ ፈረሶች እርስ በርሳቸው ይባላሉ፤ ይህም ለእንዲህ ዓይነቱ አንባቢ ጌጥ አይደለም።

የዳንከን ቦታ ባዶ እንደሆነ አይቀርም። በአራተኛው ገቢር ሦስተኛ ትዕይንት፣ በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፣ ፈጽሞ የማናየው ሌላ ጻድቅ ንጉሥ ይነገርልናል። እርሱም ኤድዋርድ ነው፤ በታሪክ ከ1042 እስከ 1066 የነገሠው። ሐኪሞች ያቃታቸውን የአንገት እባጭ በጸሎቱ ይፈውሳል፣ በሕሙማኑ አንገት ላይም የወርቅ ሳንቲም ያንጠለጥላል። ማክቤዝ አገሩን ሲያቆስል ጎረቤቱ ይፈውሳል።

በዚያው ትዕይንት ወደ እንግሊዝ የሸሸው የዳንከን ልጅ ማልኮልም ሊረዳው የመጣውን ማክደፍን ይፈትነዋል። ዝሙተኛ ነኝ፣ ስስታም ነኝ፣ ከንጉሥ ከሚጠበቁት ምግባራት አንዱም የለኝም ይላል፤ ምግባራቱንም ከፍትሕ ጀምሮ እስከ ጽናት 12 አድርጎ ይዘረዝራል። ማክደፍ እንዲህ ያለው ሰው መንገሥ ቀርቶ መኖርም አይገባውም ብሎ ሲያለቅስ ብቻ ልጁ ውሸቱን ይመልሳል። የአባቱን አሟሟት አይቷልና ሳይፈትን አያምንም። ፈተናው ትክክል ነው፤ ዋጋም ያስከፍላል። ማክደፍ ወዲያው መደሰት አልቻለም፤ ተስፋ ማስቆረጡና ተስፋ መስጠቱ በአንድ ጊዜ ስለመጡበት ዝም ይላል።

አዘጋጆች ረጅም ነው እያሉ ብዙ ጊዜ የሚያሳጥሩት ይህን ትዕይንት ነው። ባሳጠሩት ቁጥር የመጨረሻው ትዕይንት ይለወጣል። ማልኮልም በድሉ ማግስት ባላባቶቹን በስኮትላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲስ ማዕረግ ሲሾም የአባቱን የልግስና ሥራ ይደግማል። ግን ዳንከን የካውዶርን ማዕረግ ለማክቤዝ የሰጠው ከጦር ሜዳ በመጣ ወሬ ተደስቶ፣ ያለ ምንም ማመንታት ነበር። ልጁ የሚሾመው በዋሸው ውሸት የፈተነውን ማክደፍንና በጦርነት ያያቸውን ነው። ፈተናውን ያላየ ታዳሚ ዘውዱ ከነሙሉ ክብሩ ተመለሰ ብሎ ይወጣል፤ ያየው ግን ዘውዱ ሲመለስ የዳንከን እምነት አብሮት እንዳልተመለሰ ያውቃል።