«ስሕተት» የተሸከመው ትርፍ ሸክም፦ ስለ ኔትወርክ ካርድ ነጂዎች በተተረጎመ ረቂቅ ላይ የቀረበ ሒስ

ሰሞኑን አስተያየት እንድንሰጥበት የቀረበልን የትርጉም ረቂቅ፣ የሊኑክስ ሥርዓት የኔትወርክ ካርድ ነጂዎች እንዴት እንደሚጻፉና እንዴት እንደሚታረሙ ለጀማሪ ባለሙያዎች የሚያስረዳ ነው። ረቂቁን ከተርጓሚዎቹ ጋር ገጽ በገጽ ያየነው በሐዋሳ ከተማ፣ የፊቼ ጨምበላላ በዓል ከሚከበርበት ከጉዱማሌ አጠገብ፣ በሐይቁ ዳር ተቀምጠን ነበር። የዐረፍተ ነገሩ አወራረድ የተቃና፣ ሰዋስዉም የተጠበቀ ነው፤ በዚህ በኩል የምንነቅፈው የለም። ነቀፌታችን በአንድ ቃል ላይ ነው። «ስሕተት» የሚለው ቃል እርስ በርሳቸው የማይዛመዱ ነገሮችን ብቻውን ተሸክሞ አገኘነው። ለምሳሌ አንዱን የእርማት ማስታወሻ ተርጓሚዎቹ እንዲህ መልሰውታል፦ «ስሕተት ሲፈጠር ነጂው ስሕተት የማይመልስበትን ስሕተት አርመናል»። ቃል በቃል ሲታይ ያልተተረጎመ ነገር የለበትም፤ ነገር ግን ሦስቱን ስሕተቶች ለይቶ የሚረዳ አንባቢ ይገኛል ብለን አናምንም።

ነገሩን ለመመርመር አስቀድሞ የነጂውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የጀመረው፣ ምንጭ ጽሑፉ ለማንም የተገለጠ ሥርዓት ነው። ነጂ የምንለው የሥርዓቱ ማዕከል፣ ማለት ከርነሉ፣ ከአንድ መሣሪያ ጋር የሚገናኝበት የፕሮግራም ክፍል ነው። ካርዱ ሲገኝ ነጂው መሣሪያውን ያነቃል፣ ማኅደረ ትውስታ ይጠይቃል፣ ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበትን የአድራሻ ክልል ይይዛል፣ የማቋረጫ ምልክት መስመር ያስመድባል፣ በመጨረሻም ራሱን በኔትወርኩ ክፍል ያስመዘግባል። ቅደም ተከተሉ እንደየካርዱ ይለያያል። ከእነዚህ እርምጃዎች እያንዳንዱ ሊከለከል ይችላል። አራተኛው ቢከለከል፣ ነጂው ቀድሞ የያዛቸውን ሦስቱን ከኋለኛው ጀምሮ ወደ ፊተኛው እየለቀቀ ይወጣል፤ ምክንያቱንም በአሉታዊ ቁጥር ለጠራው ክፍል ያሳውቃል። 12 ማኅደረ ትውስታ አልተገኘም፣ 16 የተጠየቀው ነገር ተይዟል፣ 19 እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም ማለት ነው። 0 ከተመለሰ ግን ሁሉ ተሳክቷል።

እንግዲህ እዚህ ላይ የተሳሳተው ማን ነው? ማንም አልተሳሳተም። ማኅደረ ትውስታው አልቆ ነበር፤ ነጂውም ይህን ተረድቶ የሚገባውን አድርጓል። እውነተኛው ጥፋት የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው። ጸሐፊው ነጂው ከያዛቸው ነገሮች አንዱን ማስለቀቅ ይዘነጋል፤ ወይም ከሁሉ ይልቅ አታላይ በሆነው መንገድ፣ ቁጥሩን በተለዋዋጩ ውስጥ ሳያኖር ወደ መውጫው ያዘልለዋል። ያን ጊዜ ወደ ላይ የሚሄደው 0 ነው። ከርነሉ «ተሳክቷል» የሚለውን ቃል አምኖ ላልቆመ ነጂ ሥራ ይሰጣል፤ ማሽኑም የሚወድቀው ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቦታ ርቆ ነው። እርማቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድና ከሁለት መስመር አይበልጥም፤ መስመሩ የት እንደ ጎደለ ማግኘቱ ግን ቀናት ሊወስድ ይችላል። ተርጓሚ የተከለከለውን ጥያቄና የተረሳውን መስመር በአንድ ቃል ሲጠራ፣ አራሚውን ወደማይገባው ቦታ ይልከዋል።

ይበልጥ የሚያስገርመው 517 ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በሊኑክስ 3.4 የገባው ይህ ቁጥር፣ ነጂው የሚያስፈልገው ሌላ ክፍል ገና አለመድረሱን ያስታውቃል፤ «ቆይታችሁ እንደገና ጥሩኝ» እንደ ማለት ነው። ረቂቁ ይህንንም «የማዘግየት ስሕተት» ይለዋል። ከተርጓሚዎቹ አንዱ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲዳሙ አፎ የሆነ፣ ሐረጉን ባልደረባቸው ጽፎት መጀመሪያ ባነበቡት ጊዜ ያዘገየው ማን እንደ ሆነ ሲፈልጉ እንደ ነበር አጫወቱን። ይህ የአማርኛ ችሎታ ማነስ አይደለም፤ ቃሉ ራሱ ወደዚያ ይመራል። ስሕተት መንገድ መሳትን ከሚያመለክተው ስሕተ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ በመሆኑ፣ ምንጊዜም የሳተ ባለቤት ይፈልጋል። የሲዳሙ አፎ የሙያ ቃላት አዘጋጆችም አማርኛውን እንደ መሸጋገሪያ ሊጠቀሙበት ስለሚችሉ፣ እዚህ የተደባለቀው እዚያም ተደባልቆ ይደርሳል።

እንግሊዝኛውም ቢሆን በፕሮግራም ጸሐፊዎች አፍ «ኢረር» የሚለውን ቃል ያላግባብ ያበዛዋል። ሆኖም ሊቃውንቱ ለይተውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 አቪዚዬኒስ፣ ላፕሪ፣ ራንዴልና ላንድዌር ባወጡት ጥናት መንሥኤውን «ፎልት»፣ በሥርዓቱ ውስጥ የሚፈጠረውን የተበላሸ ሁኔታ «ኢረር»፣ ለተገልጋዩ የሚታየውን መጓደል «ፌይለር» ብለው ከፍለዋል። አማርኛ ለዚህ ክፍፍል ድኻ አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ ለተረሳው መስመር የማተሚያ ቤት ሰዎች ከቀድሞ ጀምረው የሚሠሩበት «ግድፈት» አለ፤ ገደፈ ማለት ጣለ፣ አስቀረ ማለት ነውና የዘነጋ ጸሐፊን ሥራ በትክክል ይገልጻል። ለተሰበረው ካርድ «ብልሽት» ይበቃል። ነጂው በሥራ ላይ ሳለ ለሚገጥመው ክልከላ «እክል» እንላለን፤ እክል ይገጥማል እንጂ አይፈጸምም፣ ባለ ጥፋትም አይጠይቅም። «ስሕተት» ለሰው ይቅር።

ዛሬ በእጅ ስልኮች የአማርኛ ገጽ ላይ «የሳንካ ሪፖርት» የሚለው አነጋገር ተለምዷል። ሳንካ በመንገድ ላይ የሚገጥም መሰናክል ስለሆነ፣ በእኛ አስተያየት ከግድፈት ይልቅ ለእክል በቀረበ ነበር። ሕዝብ የለመደውን ለመንቀል ግን አንደፍርም። እንግሊዝኛውን እንዳለ እንውሰድ ቢባልም «በግ» ብለን ጽፈን ከመንጋ ጋር ልንቀላቅለው ነው።

የረቂቁ ሦስተኛ ምዕራፍ ርእስ «የስሕተት አያያዝ» ነው። የሒሳብ አያያዝ፣ የንብረት አያያዝ ሲባል በጥንቃቄ መጠበቅ ነው፤ ስሕተትን በጥንቃቄ እንድንጠብቅ ካልተፈለገ ርእሱ አይሆንም። «አፈታት»ም አይስማማም፤ ነጂው ያለቀ ማኅደረ ትውስታ ከየት አምጥቶ ይፈታል? ነጂው የሚያደርገው ባለጉዳይን እንደሚቀበል የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፦ ጉዳዩን ያያል፣ በእጁ ያለውን ያስተካክላል፣ የማይችለውን ወደ በላይ ይመራል። ስለዚህ «የእክል አስተናጋገድ» የሚለውን መርጠናል።

«መረብ» ለኔትወርክ መዋሉን አንቃወምም፤ ነገር ግን ረቂቁ «መረቡ ወድቋል» ያለበት ቦታ ስንደርስ ከፊታችን ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ይጥሉ ነበርና ሳቅ መጣ። በሐይቁ ዳር የወደቀ መረብ ሥራ የጀመረ መረብ ነው። «ኔትወርኩ ተቋርጧል» ቢባል ይሻላል።

ቀደም ብለን የጠቀስነው የእርማት ማስታወሻ አሁን «እክል ሲገጥም ነጂው የእክሉን ቁጥር ሳይመልስ የሚወጣበትን ግድፈት አርመናል» ተብሎ ተስተካክሏል። ያልተስማማንበት አንድ ቃል ቀርቷል። የያዙትን ከኋለኛው ጀምሮ እየለቀቁ መውጣትን እኛ ከሸማኔና ከልብስ ሰፊ ቃል ወስደን «መተርተር» ብንለው ወደድን። ተርጓሚዎቹ በበኩላቸው መተርተር የተሰፋን ማበላሸት ይመስላል፣ እዚህ ግን አንድም ነገር አይበላሽም ብለው «በተገላቢጦሽ መልቀቅ» ይላሉ። ክርክራቸው ሚዛን ይደፋል፤ ሐረጉ ግን ረዘመብን፣ ስምም አልወጣለትም። የተሻለ ቃል ያላቸው አንባብያን ቢልኩልን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።