የኖኅ ቤተሰብ የውኃ ላይ ቤት
በኦሪት ዘፍጥረት፣ በመጽሐፈ ሄኖክና በመጽሐፈ ኩፋሌ አተራረክ ላይ የቀረበ ሂስ

በሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚጥለው የክረምት ዝናብ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። በቡራዩና በሰበታ የሚጥለው ደግሞ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። የእነዚህ ከተሞች ነዋሪ በሁለት ታላላቅ ወንዞች ራስጌ የሚኖር ደገኛ ነው። መርከብን የሚያውቀውም በመጓጓዣነቱ ሳይሆን ከመጽሐፍ፣ ይልቁንም ከኖኅ ታሪክ ነው። መርከብ የማያይ ሕዝብ የመርከብን ታሪክ እንዴት እንደ ራሱ አድርጎ ሊቀበለው ቻለ? የሚለው ጥያቄ እንግዲህ በሥነ ጽሑፍ ሂስ ሊመረመር የሚገባው ነው።

አንድ ቤተሰብ ሊኖርበት የሚያዘጋጀው የውኃ ላይ ቤት በግዕዝ ሥነ ጽሑፍ በሦስት ታላላቅ መጻሕፍት ተተርኮ ይገኛል። ሦስቱም ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ቤተሰብና ስለ አንድ የጥፋት ውኃ ይናገራሉ፤ ሥራውን የሚመለከቱበት ዓይን ግን የተለያየ ነው። ማን ሠራው? ማን ገባበት? ማንስ በስሙ ተጠራ? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የሚሰጡት መልስ የየመጽሐፉን የአተራረክ ጥበብ ይገልጣል።

የኦሪት ተራኪ እንደ ጥንቁቅ አናጢ ነው። ርዝመቱን 300፣ ወርዱን 50፣ ከፍታውን 30 ክንድ ብሎ ይለካል፤ ደርቡ ሦስት፣ በሩ በጎኑ፣ ውስጡና ውጪው በቅጥራን የተለቀለቀ መሆኑን ይነግረናል። ክፍሎች ይበጁለታል፤ የሰውና የእንስሳት ስንቅም አስቀድሞ ይከማችበታል። ይሁን እንጂ ሸራ፣ መቅዘፊያ ወይም መሪ አልተጠቀሰለትም። ይህ የአተራረክ ጉድለት አይደለም። ተራኪው የሚያሳየው ወደ አንድ ወደብ የሚጓዝ መርከብ ሳይሆን ውኃው እስኪጎድል ድረስ የሚኖሩበትን ቤት ነውና። የጣና ዓሣ አጥማጅ ከደንገል አስሮ የሚሠራት ታንኳ ከላይ ክፍት ናት፤ በሰው ክንድ ትገፋለች፤ ባለቤቷ ወደ ጎጆው ሲመለስም እርሷ እንድትደርቅ ከውኃ ትወጣለች። የኖኅ ሥራ ግን ጎጆውንና ጎተራውን ይዞ የሚንሳፈፍ ነው። ታሪኩ ለደጋው አንባቢ እንግዳ ያልሆነበት አንዱ ምክንያት ከዚህ ይመነጫል፤ የሚናገረው ስለ ማዕበልና ስለ ነፋስ አቅጣጫ ሳይሆን ስለ ጣሪያ፣ ስለ በርና ስለ ስንቅ ነው።

ነገር ግን መለኪያውን ሁሉ የዘረዘረው ተራኪ ስለ ሠሪዎቹ ምንም አይልም። ግንዱን ማን ጣለው? ሳንቃውን ማን ጠረበው? ኖኅ እንደ ታዘዘው ማድረጉን ብቻ ገልጾ ያልፋል። በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ1872 ጆርጅ ስሚዝ ተርጉሞ ለዓለም ያስተዋወቀው የጊልጋሜሽ ታሪክ 11ኛ ጽላት የበለጠ ለጋስ ነው። የባቢሎኑ ኡትናፒሽቲም መርከቡን ለሚሠሩት በየዕለቱ በሬና በግ ያርዳል፤ መጠጡንም ሳይሰስት ያቀርባል፤ ከዘመዶቹ ጋርም የእጅ ባለሙያዎችን ያሳፍራል። በኦሪት የሚድኑት ግን ስምንት ነፍሳት፣ አንድ ቤተሰብ ብቻ ናቸው። ትረካው ዓለምን በሙሉ ወደ አንድ ጣሪያ ሥር ያጠብበዋል፤ ኃይሉም አስፈሪነቱም ከዚሁ ይወለዳል።

ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግዕዝ ብቻ የሆነው መጽሐፈ ሄኖክ፣ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ ወደ አውሮፓ ከተመለሰ ወዲህ የብዙ ሊቃውንትን ትኩረት ስቧል። ስለ መርከቡ ሠሪ ማንነት ግን መጽሐፉ ሁለት ቃል አለው። በምዕራፍ 67 የእንጨቱን ሥራ የሚሠሩት መላእክት ናቸው። በምዕራፍ 89 በሚገኘው የእንስሳት ራእይ ግን በበሬ የተመሰለው ኖኅ ሰው ይሆንና መርከቡን ራሱ ይሠራዋል፤ ሦስት በሬዎችም አብረውት ይኖሩበታል፤ በላያቸውም ይከደናል። መጽሐፉ በተለያየ ዘመን ከተጻፉ ክፍሎች የተጠናቀረ በመሆኑ መለያየቱ የሚያስደንቅ አይደለም። በኪነ ጥበብ ሚዛን ሲመዘኑ ግን ሁለተኛው ትረካ ይልቃል። በመጀመሪያው ቤተሰቡ የተዘጋጀለትን ተቀባይ ነው፤ በሁለተኛው ግን በሬው መርከብ ለመሥራት ሰው መሆን አለበት። ሥራ የሰውነት መለያ መሆኑን በዚህን ያህል አጭር ምስል የገለጸ ትረካ ጥቂት ነው። ሆኖም ራእዩ አንድ ትልቅ ግድፈት አለበት፤ ወደ መርከቡ የገቡት በሬዎች ብቻ ናቸው። የቤተሰቡ ሴቶች በምሳሌ እንኳ አልተወከሉም።

ይህን ግድፈት የሚያርመው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። ኩፋሌ ስለ አናጢነት ብዙም አይጨነቅም፤ የሚያሳስበው ሥራው በየትኛው ኢዮቤልዩ፣ በየትኛው ሱባዔና በየትኛው ዓመት እንደ ተፈጸመ ነው። ዳሩ ግን በኦሪት ያለ ስም የገቡትን ሴቶች በስማቸው ይጠራቸዋል። የኖኅ ሚስት እምዛራ ናት፤ የልጆቹም ሚስቶች ሰደቀተልባብ፣ ነኤላታማኡክና አዳታነሴስ ናቸው። የመጽሐፉ ጥበብ በይበልጥ የሚታየው የሦስቱ ስም በሚገለጥበት ቦታ ነው። ውኃው ጎድሎ ቤተሰቡ በሉባር ተራራ ከሰፈረ በኋላ፣ ካም በከነዓን መረገም ተቆጥቶ ከአባቱ ይለያል፤ ከተማም ቆርቁሮ በሚስቱ ስም ይሰይማታል። ያፌትም በወንድሙ ቀንቶ እንዲሁ ያደርጋል። ሴም ግን ከአባቱ አጠገብ ሳይርቅ የሚስቱን ስም የያዘች ከተማ ይሠራል። በአንድ ጣሪያ ሥር የተረፈው ቤተሰብ በደረቅ መሬት ላይ ይበታተናል፤ የመጀመሪያዎቹ ከተሞች መጠሪያም በመርከቡ ውስጥ ድምፃቸው ያልተሰማው ሴቶች ስም ይሆናል።

የቃል ምርጫም ከዚሁ ጋር ሊጤን ይገባል። የግዕዙ ኦሪት የኖኅን መርከብ የሚጠራው «ታቦት» ብሎ ነው፤ የጽላቱ ማደሪያም በዚሁ ቃል ይጠራል። ስለዚህ የግዕዙ አንባቢ የቤተሰቡን መጠለያና የመቅደሱን ክቡር ዕቃ በአንድ ስም ይሰማል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «መርከብ» የሚለውን ቃል መርጧል። ትርጉሙ ለተራው አንባቢ ግልጽነትን አትርፎለታል፤ በአንጻሩ በግዕዙ ቃል ውስጥ የነበረውን የቤትና የመቅደስ ትስስር አሳጥቶታል። ሁለቱን አስተያይቶ የሚያነብ ብቻ የጠፋውንና የተገኘውን ሊመዝን ይችላል።

ሦስቱም መጻሕፍት በጋራ የሚጎድላቸው አንድ ነገር አለ። በኦሪት አቆጣጠር ቤተሰቡ በመርከቡ ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ቆይቷል፤ የዚያ ዓመት የውስጥ ኑሮ ግን አልተተረከም። እሳቱ የት ይነድ ነበር? ስንቁን ማን ያካፍል ነበር? በጨለማው ውስጥ አማትና ምራት ምን ይነጋገሩ ነበር? ጥንታውያን ተራኪዎች የሚያሳስባቸው የትውልድና የፍርድ ጉዳይ በመሆኑ ለዚህ ባለመጨነቃቸው ሊወቀሱ አይገባም። የዛሬው ልብ ወለድ ጸሐፊና ጸሐፌ ተውኔት ግን ከዚህ ዝምታ መነሣት ይችላል። የእምዛራና የሦስቱ ምራቶቿ ስም በግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ተጠብቆ ቆይቷል፤ ድምፅ የሚሰጣቸውን ብዕር ግን ገና እየጠበቁ ናቸው።