ከጣራ ገዳም ቁልቁል፦ ስለ ከፍታ ስሌት አጭር ትችት

ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1838 እስከ 1848 በአገራችን ተዘዋውሮ የቀየሰውን ከ1860 እስከ 1873 በፓሪስ አሳትሟል። ከፍታን ያገኘው በሁለት መንገድ ነው፤ ውሃ የሚፈላበትን ሙቀት በመለካትና የተራራውን ጫፍ በቴዎዶላይት በማየት። በፈላው ውሃ ላይ የአንድ ዲግሪ ዐሥረኛ ብትሳሳት ከፍታው 30 ሜትር ያህል ይዛባል። በዚህ ዳባዲን መንቀፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሰውየው የለካው ተራራ ነው። ራስ ዳሸን ለረዥም ጊዜ 4,620 ሜትር ሲባል ቆይቶ ኋላ 4,533 ሆኗል፤ በዚህ የተጎዳ ገበሬ የለም።

ሜዳ ግን እንዲህ ያለውን ስሕተት አይችልም። አንድ ተማሪ ጣራ ገዳም ላይ ቴዎዶላይቱን ተክሎ 15 ኪሎ ሜትር የሚርቅ የፎገራ ነጥብ ቁልቁል አየ እንበል። አግድም ርቀቱን በማዕዘኑ ታንጀንት አባዝቶ ቢያቆም፣ የምድርን ክብነትና የብርሃንን ስብረት ዘንግቷል። እርማቱ የኪሎ ሜትሩ ካሬ በ0.0675 ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ በዚህ ርቀት 15.2 ሜትር ይሆናል። ያልታረመው ስሌት ሜዳውን በዚሁ ልክ ዝቅ ስለሚያደርግ፣ በጣና ዳር ያለ መንደር በወረቀት ላይ ከሐይቁ ወለል፣ ማለት ከ1,786 ሜትር ገደማ፣ በታች ሰጥሞ ይገኛል! ቢታረምም እንኳ የ20 ሴኮንድ የማዕዘን ስሕተት 1.5 ሜትር ያህል ያስታል። 0.0675 ራሱም አማካይ ቍጥር ነው፤ የቀትር ሙቀት በሜዳው ላይ ብርሃኑን እንደ ፈለገ ያጣምመዋል። ለዚህ የሚረዳው ሁለት ሰዎች ከሁለቱ ጫፍ በአንድ ሰዓት መተያየታቸው ነው።

እኛ የዛሬዎቹ ደግሞ ቴዎዶላይቱንም ትተን በ2000 እ.ኤ.አ. ኢንዴቨር የተባለችው መንኰራኵር በራዳር የለካችውን ከፍታ ወስደን የፎገራን የጎርፍ ካርታ እንቀባለን። ያ ልኬት ሲታቀድ የተፈቀደለት ስሕተት 16 ሜትር ነበር። በለጥ ያለ መሬት ላይ ከዚህ የተሻለ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ቍጥሩ በሙሉ ሜትር የተጻፈ ነው፤ ባሕር ዛፍ ባለበትም ራዳሩ ከመሬቱ ይልቅ ወደ ቅጠሉ ይጠጋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው በሺዎች የሚቈጠር ሰው ቀዬውን ሲለቅ፣ የአንዱን ቤት ከሌላው የለየው የአንድ ሜትር ልዩነት እንኳ አልነበረም። ዳባዲ ያነበባቸውን ማዕዘኖች ጭምር ስላተመ አንባቢው ሊያርመው ይችላል፤ የእኛ ካርታ ግን ቀለሙን እንጂ ስሕተቱን አያሳይም። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ ይበልጥ የሚነቀፈው የእኛው ነው።

ለፎገራ የሚያስፈልገው ውሃ ልክ ያለው ሌቭልና በቍጥር የተከፋፈለ ዘንግ ነው። የተፈቀደው ስሕተት በኪሎ ሜትሩ ካሬ ሥር 12 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 15 ኪሎ ሜትር ተሂዶ የሚመጣው ስሕተት ከ5 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ሥራው አድካሚ ነው፤ ክረምት ከገባ ባለ ሦስት እግሩ በዚያ ጥቁር ጭቃ ላይ አይጸናምና፣ ሩዙ ከታጨደ በኋላ በበጋ መሠራት ይኖርበታል።