«ደብተር ላይ የለማ!»

«የእርሻችን አፈር ለምን ይሸረሸራል? ባጭሩ መልስ።»

ይህን ጥያቄ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ሳስተምር ለፈተና አውጥቼው ነበር። አንዱ ተማሪ ገጹን ሞላው። «የአፈር መሸርሸር ማለት…» ብሎ ትርጉሙን፣ ዓይነቱን፣ ጉዳቱን ደረደረው። «ለምን» የምትለዋን ግን አልነካትም። ጠርቼ በቃል ብጠይቀው፣ «ቲቸር፣ ዳገቱን ሽቅብ ቁልቁል ስለምናርሰው ጎርፉ ትልሙን ይዞ ይወርዳላ!» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?»

«ደብተር ላይ የለማ!»

ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ነው። ገጽ ለሞላ ማርክ እንሰጣለን። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ስለሆነም ማጥቆር እንጂ መጻፍ አናለማምድም። ማጥቆሩም ቢሆን አላዋጣንም፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

የሚገርመው ደግሞ አገሩ ጎጃም መሆኑ ነው! የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። በሁለት ቤት ሐሳቡን መጨረስ አለበት። የሰው ቅኔ ይዞ አይቀርብም፤ የራሱን ቆጥሮ ይነግራል፣ የኔታም እዚያው ያርሙታል።

እኛስ? «ለምን» ከተባልክ ምክንያቱን አስቀድም፤ ከዓይንህ ያየኸውን አንድ ማስረጃ ጨምር፤ አራት ነጥብ አድርገህ አቁም። ይህን ሰሌዳ ላይ ሠርቶ ለማሳየት አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። እኔ አላሳየሁም ነበር።

ለዚያ ልጅ ከአምስት አንድ ሰጠሁት። ቆይቼ ሳስበው ማርኩ የኔ ነበር።