«እናት ሰሌዳ»፦ ስለ ስያሜውና ስለ ፍቺው የቀረበ ሒስ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዕቃን ስም የሚያወጣው ግን ሰው ነው፤ አንዱ ባወጣው ስም ሌላው ገንዘቡን ያወጣበታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የቤት ኮምፒዩተርን ክፍሎች ሁሉ ተሸክሞ የሚያገናኘውን፣ በገበያ «ማዘርቦርድ» ተብሎ የሚጠራውን ሰሌዳ የሚመለከቱ ቃላትን ነው። ዓላማችን በቃል ላይ ቃል ለመጨመር አይደለም፤ በሻጮች ማስታወቂያና በልዩ ልዩ የመማሪያ ጽሑፎች የሚዘወተሩት ቃላት ገዢውን ምን ያህል እንደሚረዱት ለመመዘን ነው።

ወደዚህ ሒስ የመራን አንድ አነስተኛ ገጠመኝ ነው። ከመካከላችን አንዱ ለልጆቹ ትምህርት የሚሆን ኮምፒዩተር ለማስገጣጠም ፈልጎ «ሙሉ ነው፤ ምንም አይጎድለውም» የተባለ ሰሌዳ ገዛ። በሰሌዳው ጀርባ የስክሪን መሰኪያ ስለ ተመለከተ ምስል የሚያወጣ መሰለው። ዳሩ ግን የገዛው ፕሮሰሰር የምስል ክፍል የሌለው ዐይነት ስለ ነበረ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቀረ፤ ለምስል ካርድም ያላሰበውን ገንዘብ አወጣ። ሻጩ ዋሸ ለማለት አይቻልም፤ መሰኪያው በቦታው ነበረ። ያሳሳተው «ሙሉ» የሚለው ቃል ነው።

በመጀመሪያ ስያሜውን እንመልከት። ዕቃው በተገኘበት ቋንቋም ቢሆን አንድ ስም ብቻ የለውም። የአይቢኤም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. ባወጣው የግል ኮምፒዩተር መመሪያ «ሲስተም ቦርድ» ሲለው፣ የአፕል ኩባንያ ደግሞ «ሎጂክ ቦርድ» ይለዋል። «እናት» የሚለው ቅጽል በእርሱ ላይ ከሚሰኩትና «ሴት ልጅ» ተብለው ከሚጠሩት ንዑሳን ሰሌዳዎች ጋር የተዛመደ ነው። አማርኛችን «እናት ድርጅት» እያለ ይህንኑ ዝምድና በሌላ መስክ ስለ ተቀበለው፣ «እናት ሰሌዳ» ለጆሮ እንግዳ አይሆንም። «ዋና ሰሌዳ» የሚለውም አማራጭ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን የበላይነትን እንጂ ተሸካሚነትን አይገልጽም። በመሆኑም «እናት ሰሌዳ» የመዝገቡ ዋና ቃል እንዲሆን፣ «ማዘርቦርድ» ደግሞ በተመሳሳይነት አብሮ እንዲመዘገብ እንደግፋለን። ወደ ሱቅ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው የሚጠቀምበትን ቃል ከመዝገብ ማስወጣት ቋንቋን ማሳደግ አይደለምና።

ከስያሜው ይልቅ የሚያሳስበን «መሰኪያ» የሚለው ቃል ነው። ዛሬ በዚህ አንድ ቃል ፕሮሰሰሩ የሚያርፍበት ቦታ፣ የትውስታው መስመር፣ የካርዱ ቦታና የውጭ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ይጠሩበታል። እነዚህ ግን ለገዢው የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ስለዚህ ቃሉ በሦስት እንዲከፈል እናሳስባለን፦ ለፕሮሰሰሩ «መቀመጫ»፣ ለትውስታና ለካርድ «መሰኪያ»፣ ለውጭ ገመድ ደግሞ አሁንም በአንዳንድ ጽሑፎች የሚሠራበት «ወደብ»።

የልዩነቱ ጥቅም በተግባር ይታያል። መቀመጫው ፕሮሰሰሩን ይወስናል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. የወጣው ኤልጂኤ 1700 የኢንቴልን፣ በ2022 ዓ.ም. የወጣው ኤኤም 5 የኤኤምዲን ፕሮሰሰሮች ያስቀምጣል፤ አንዱ በሌላው አይቀመጥም። በሁለቱም መቀመጫዎች ቀጫጭኖቹ የግንኙነት እግሮች ያሉት በሰሌዳው ላይ ስለ ሆነ፣ ያገለገለ ሰሌዳ የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የተጣመመ እግር አለመኖሩን በብርሃን መመልከት ይገባዋል። መሰኪያው ደግሞ ትውስታውን ይወስናል። ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 ሁለቱም 288 ግንኙነት ቢኖራቸውም፣ የጥርሳቸው ቦታ ስለሚለያይ አይተካኩም፤ በኤልጂኤ 1700 መቀመጫ ከተሠሩት ሰሌዳዎች አንዳንዶቹ የመጀመሪያውን፣ ሌሎቹ ሁለተኛውን ብቻ ይቀበላሉ። ወደቡም ቢሆን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከላይ የጠቀስነው ባልደረባችን እንደ ተረዳው፣ የስክሪን ወደብ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ የምስል ክፍል ሲኖረው ነው፤ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ቁጥር መጨረሻ ላይ «ኤፍ» የሚለው ፊደል ከታየ ይህ ክፍል የለም ማለት ነው።

ወደ «ሙሉ» እንመለስ። ሙሉ ልብስ ስንል ኮትና ሱሪው ተሟልቶ ለለባሹ ልክ የሆነ ማለታችን እንጂ፣ በላዩ ካፖርትና ካባ የተደረበበት ማለታችን አይደለም። በማስታወቂያ የሚነገረው «ሙሉ» ግን ብዛትን ብቻ ያመለክታል፤ የመብራት ጌጥ፣ ፕሮሰሰሩን ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስኬጃ፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ምስል ካርድ ቦታ ይቈጠሩበታል። ለደብዳቤ፣ ለትምህርት፣ ለሒሳብና ለፊልም የሚያገለግል የቤት ኮምፒዩተር ሙሉነቱ በሌላ ይለካል። ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ደግሞ ለወደፊት ማሳደጊያ አራት የትውስታ መሰኪያ፣ ፈጣኑን የኤንቪኤምኢ ማከማቻ የሚቀበል አንድ የኤም 2 መሰኪያ፣ ለቀድሞው ዲስክ የሳታ መሰኪያዎች፣ በቂ የዩኤስቢ ወደብ፣ የኔትወርክና የድምፅ ወደብ፣ እንዲሁም ገመድ በማይደርስበት ቤት የዋይፋይ ክፍል ካለው ሙሉ ነው። በኤም 2 ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ስሙ የመሰኪያውን ቅርፅ እንጂ ፍጥነቱን አይናገርም፤ ቀርፋፋውም የሳታ ማከማቻ በዚያው ቅርፅ ይሠራልና።

የሰሌዳው ስፋትም ከሙሉነቱ ጋር መምታታት የለበትም። ኤቲኤክስ የተባለው ልክ 305 በ244 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244 ሚሊሜትር ነው። ትልቁ የሚበልጠው በተለይ በካርድ መሰኪያ ብዛት ነው፤ አንድ ካርድ ወይም ምንም ካርድ ለማይሰካ ቤት ትንሹ አያንስም። እንደዚሁም ለኤኤም 5 መቀመጫ ከወጡት የቺፕሴት ደረጃዎች ኤ 620፣ ቢ 650 እና ኤክስ 670 ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ሲደረደሩ፣ መካከለኛው ለአብዛኛው ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው።

«አስተማማኝ» የሚለው ቃል ደግሞ ከ«አመነ» የወጣ በመሆኑ ለእምነት ምክንያት ይጠይቃል። «ኦሪጅናል ነው» የሚለው የገበያ መልስ የትውልድ ምስክርነት እንጂ የጽናት ማስረጃ አይደለም። የሰሌዳ ጽናት በዋነኛነት የሚታየው በኃይል አስተካካዩ ክፍል ነው፤ ይህም ክፍል ከኃይል አቅራቢው የሚመጣውን 12 ቮልት ወደ 1 ቮልት ገደማ አውርዶ ለፕሮሰሰሩ ይሰጣል። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ ብዙ ሰሌዳዎች ላይ ፈሳሽ ያለባቸው ካፓሲተሮች በውስጣቸው ባለው ፈሳሽ ጉድለት እየተነፉና እየፈነዱ ዕቃው ያለ ጊዜው ይሞት ነበር። ዛሬ በደኅና ሰሌዳዎች ላይ የሚገኙት ጠጣር ካፓሲተሮች ይህን ችግር በእጅጉ አቃለዋል። ስለዚህ አስተማማኝነትን የሚጠይቅ ገዢ ካፓሲተሮቹ ጠጣር መሆናቸውን፣ በኃይል አስተካካዩ ላይ ሙቀት የሚያወጣ ብረት መኖሩን፣ ሠሪው ለመነሻ ፕሮግራሙ ማሻሻያ የሚያወጣ መሆኑን፣ ዋስትናውም በጽሑፍ የተሰጠ መሆኑን ይመርምር። በአገራችን በ220 ቮልቱ መስመር ላይ የሚደርሰውን መዋዠቅና መቋረጥ ግን ማንኛውም ሰሌዳ ብቻውን አይችለውም፤ ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ የአስተማማኝነቱ አንድ ክፍል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ከዚህ በላይ ከተመለከተው በመነሣት የሚከተለውን ፍቺ ለውይይት እናቀርባለን፦

እናት ሰሌዳ (ስም)፦ የኤሌክትሪክ መስመር የታተመበት፣ ፕሮሰሰር በመቀመጫው፣ ትውስታ፣ ማከማቻና ካርድ በመሰኪያው፣ የውጭ ገመድ በወደቡ የሚያያዝበት፣ ለእነዚህም ኃይል የሚያከፋፍልና በመካከላቸው መረጃ የሚያመላልስ የኮምፒዩተር ሰሌዳ። ተመሳሳይ፦ ማዘርቦርድ።

ይህ ፍቺ ረዘም ያለ ነው ተብሎ ሊነቀፍ ይችላል። «የኮምፒዩተር ዋና ሰሌዳ» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ፍቺ ቃሉን በራሱ ጥላ ከመፍታት አያልፍም። የኛ ፍቺ ቢያንስ ሦስት ጥያቄዎችን በገዢው አፍ ላይ ያኖራል፦ መቀመጫው የትኛውን ፕሮሰሰር ይቀበላል? መሰኪያው የትኛውን ትውስታ? ወደቡስ በምን ሁኔታ ይሠራል? የሙያ ቃል ለሙያተኛው ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግማሽ ሥራውን አልሠራም። አንባብያን በተለይም በጥገናና በገጣጣሚነት የተሠማሩ ባለሙያዎች በመቀመጫ፣ በመሰኪያና በወደብ ክፍፍል ላይ ያላቸውን አስተያየት እንዲልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።