ለሩቅ ፎርማን የተጻፈ ሜዳ፦ የጎልፍ አርክቴክቶች የሥራ ክፍል ሲመዘን

ስለ ጎልፍ ሜዳ አሠራር በሚጻፈው ሂስ ውስጥ አንድን ሰው «የቢሮ አርክቴክት» ማለት ስድብ ከሆነ ሰንብቷል። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ሙገሳው የጎረፈው ጠረጴዛውን ትቶ ቦቲውን ላጠለቀ፣ ንድፍ ሳይዝ ዶዘር ላይ ለወጣ፣ መሬቱን በእግሩ ሲያስስ ለከረመ ሰው ነው። ቢል ኩርና ቤን ክሬንሾው ኔብራስካ ውስጥ የሠሩት ሳንድ ሂልስ በ1995 ከተከፈተ ወዲህማ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አስተያየቱ እምነት ወደ መሆን ተቃርቧል። ሁለቱ ሰዎች በአሸዋ ኮረብቶቹ መካከል ሲመላለሱ ለጉድጓድ (ማለትም ከመነሻ እስከ ማብቂያ ለአንድ የጨዋታ ምዕራፍ) የሚሆኑ ከ130 የሚበልጡ ቦታዎችን ለይተው ከእነዚያ 18 መርጠዋል። ታሪኩ በተነገረ ቁጥር የሚወደሰው እግራቸው ነው። ያን ሁሉ ቦታ ያሰፈሩበት ካርታ ግን እንደ ተራ ማስታወሻ ይታለፋል። ከ130 በላይ ቦታን በጭንቅላት ይዞ ማማረጥ የሚችል ሰው ያለ ይመስል።

እኔ የምሟገተው ለተናቀው ወረቀትና ወረቀቱ ለተሠራበት ክፍል ነው። ይህን ስል ቢሮን ሁሉ በጅምላ ለማወደስ አይደለም። የማከብረው አንድ ዓይነት ጠረጴዛ ነው፤ መሬቱን ለሚያስቆፍረው፣ አርክቴክቱን ግን ምናልባት በአካል ለማያገኘው ሰው የሚጽፈውን ጠረጴዛ።

ለዚህ ጠረጴዛ ምሳሌዬ አርክቴክቱ ዶናልድ ሮስ ነው። በ1872 ስኮትላንድ ውስጥ ዶርኖክ ተወለደ፤ በ1899 አሜሪካ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ በሰሜን ካሮላይናዋ ፓይንኸርስት ሥራ ይዞ በ1948 እስኪሞት ድረስ መሠረቱን ከዚያ አልነቀለም። በስሙ የሚጠሩት ሜዳዎች ወደ 400 ይጠጋሉ። ክሱ የሚነሳው ከዚሁ ቁጥር ነው፤ በባቡር ዘመን አንድ ሰው 400 ቦታ እንዴት ሊደርስ ይችላል? አልደረሰም። ሥራውን ያጠኑ ሰዎች ከሜዳዎቹ ሲሶ ያህሉን ጨርሶ እንዳላያቸው፣ ብዙዎቹን ደግሞ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ እንደረገጣቸው ይገምታሉ። የብርዱን ወራት በፓይንኸርስት፣ የሙቀቱን ወራት በሮድ አይላንዷ ሊትል ኮምፕተን ሆኖ ይሠራል። ዋልተር ሃች ከማሳቹሴትስ፣ ጄ. ቢ. ማክጎቨርን ከፊላደልፊያ አካባቢ ሥራውን ያስኬዱለታል። አንዳንድ ጸሐፍት ሮስን ሜዳ በፖስታ የሚሸጥ ነጋዴ አስመስለው የሚያቀርቡት ከዚህ ተነስተው ነው።

እኔን ግን የሚማርከኝ ያ ፖስታ ነው። ሮስ የላካቸው ንድፎች ብዙዎቹ ዛሬ ፓይንኸርስት ባለው የተፍትስ መዝገብ ቤት ተቀምጠዋል፤ አሠራራቸውም አንድ ወጥ ነው ለማለት ይቻላል። ለአንድ ጉድጓድ አንድ ሉክ ባለካሬ ወረቀት። ግሪኑ (ኳሷ ቀዳዳዋ ውስጥ የምትገባበት ልሙጥ ስፍራ) ከላይ ወደ ታች ሲታይ የሚኖረው ቅርጽ ተስሎበታል፤ በዙሪያው ባንከሮቹ (የአሸዋ ጉድባዎቹ) አሉ። አጠገቡ በእጅ ጽሑፍ መመሪያ ይከተላል፤ የግሪኑ ጀርባ ከፊቱ ይህን ያህል ጫማ ከፍ ይበል፣ ይኼኛው ባንከር ይህን ያህል ይጥለቅ፣ ያኛው ጎን ቀስ ብሎ ከመሬቱ ጋር ይጋጠም የሚል ዓይነት። ወረቀቱ ባለካሬ መሆኑ ለውበት አይደለም። ካሬው ራሱ መለኪያ ስለሆነ ፎርማኑ ችካል ቸክሎ፣ ገመድ ወጥሮ ያንኑ መረብ መሬት ላይ መዘርጋት ይችላል። ከዚያ በኋላ መስመሩን ከወረቀት ወደ አፈር ማሻገር ካሬ በካሬ የሚሄድ ሥራ ነው። መሐንዲስነት አይጠይቅም፤ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ቁጥሩ የት እንዳለና የት እንደሌለ ማየት ይገባል። ሮስ ከፍታንና ጥልቀትን በቁጥር ይሰጣል፤ የጠርዙን መታጠፍ፣ የባንከሩን ከንፈር፣ የጉብታውን ጫፍ ግን በእጅ መስመር ብቻ አመልክቶ ያልፋል። ጥንስሱ ስንት ቀን እንደሚቆይ ቆጥራ የምትናገር ባልትና አዋቂ ውሃውን «በመጠኑ» ብላ እንደምትተወው ማለት ነው። ኳስ ግሪኑ ላይ ወድቃ ወዴት እንደምትንከባለል የሚወስነው ከፍታው ነውና እሱን በቁጥር አሰረው። ዓይን የሚያየውን ለቦታው ሠራተኛ እጅ ለቀቀለት። በበቅሎ በሚጎተት መዛቂያ አፈር በሚገፋበት ዘመን ይህ አከፋፈል ብልሃት ነበር። የመዛቂያው ነጂ ስስ ኩርባን ከወረቀት አንብቦ አይሠራም፤ «ሦስት ጫማ» ሲባል ግን ይገባዋል። ባንከሩም የሚቆፈረው ግሪኑን ከፍ የሚያደርገውን አፈር ለማግኘት ጭምር ስለነበር፣ ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ማንበብ የሚችል ፎርማን ምን ያህል አፈር ከየት ወደየት እንደሚሄድ ሳይነገረው ያውቀዋል።

የዚህ ዓይነቱ ንድፍ ትልቁ ብቃት ምን መተው እንዳለበት ማወቁ ነው። ዛሬ ከኮምፒውተር የሚወጣው ሥዕል በየጥቂት ሳንቲሜትሩ የኮንቱር (የከፍታ) መስመር ይዞ ሲመጣ ለሠራተኛው አንዳች ነገር አይተውለትም። በዚያው መጠን የቱ መስመር ወሳኝ፣ የቱ ማሟያ እንደሆነም አይነግረውም። ሮስ ለይቶ ይነግረው ነበር። በዚህ ረገድ ከእሱ ጠረጴዛ የተሻለ የንድፍ ጠረጴዛ በጎልፍ ታሪክ ውስጥ አላየሁም።

ይህን ጠረጴዛ ከቤቱ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሮስ በ1925 በፓይንኸርስት ቁጥር 2 ሜዳ ሦስተኛ ግሪን ጥግ «ዶርኖክ ኮቴጅ» የተባለውን ቤቱን ሠራ። ሜዳው በ1907 ከተከፈተ ጀምሮ ሕይወቱ እስኪያልፍ ድረስ ሲነካካው፣ ሲያስተካክለው ኖሯል። በ1930ዎቹ አጋማሽ የአሸዋ ግሪኖቹን ወደ ሣር የለወጣቸውም እዚያው ቤቱ እየኖረ ነው። የቤትና የሜዳ ጉርብትና እዚህ ፍጹም ሆኗል ማለት ይቻላል። እዚህ አርክቴክቱ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሩቅ ሰው አልነበረም፤ ያሰበውን በር ከፍቶ ወጥቶ ያሳያል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ኩርና ክሬንሾው በ2010 ቁጥር 2ን ወደ ሮስ ዘመን መልኩ ለመመለስ ሲነሱ ዋና ማስረጃ የሆኗቸው በ1943 ከአየር የተነሱ ፎቶግራፎችና መሬት ውስጥ የተቀበረ አሮጌ የውሃ ቧንቧ ናቸው። ቧንቧው በየፌርዌዩ (ከመነሻው እስከ ግሪኑ በተዘረጋው የተከረከመ ሣር) መሐል ለመሐል የተዘረጋ ስለነበር ሣሩ የት ይጀምርና የት ያልቅ እንደነበር ከእሱ ተነስተው ለኩ። ከ35 ኤከር የሚበልጥ ሣር ተነስቶ ቦታው ለአሸዋና ለዱር ሣር ተለቀቀ። ሥራው ግሩም ነው። ነገር ግን ያስጨንቀኛል፤ በሮስ እጅ ከሁሉ በላይ የተደከመበት ሜዳ ስለራሱ እንዲመሰክር የተጠየቀው ቧንቧ ነበር። የዚያ ሜዳ ዝነኛ የሆኑት እንደ ኤሊ ጀርባ የጎበጡ ግሪኖች እንኳ ምን ያህሉ የሮስ ሐሳብ፣ ምን ያህሉ በየዓመቱ ሲነሰነስ የኖረው አሸዋ ክምችት እንደሆኑ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ካሬ ወረቀት ላይ የሰፈረ አንድ የጫማ ቁጥር ክርክሩን ያሳጥረው ነበር።

ከሩቅ የሠራው ሮስ ብቻ አይደለም፤ ሌላው የዘመኑ አርክቴክት አሊስተር ማኬንዚ በ1926 አውስትራሊያ ሄዶ ለሮያል ሜልበርን ዌስት ሜዳ መርሁንና ንድፉን ሰጥቶ ተመለሰ፤ ዳግመኛ አልሄደም። አሌክስ ራስልና የሜዳው ኃላፊ ሚክ ሞርኮም ሠርተውት በ1931 ተከፈተ። ዛሬ ከዓለም ድንቅ ሜዳዎች ተርታ ሲሰለፍ አርክቴክቱ አልነበረበትም ብሎ የሚያጣጥለው የለም። ሮስ የሚወቀስበት ነገር ማኬንዚን ለምን እንዳላስወቀሰው የሚያስረዳ ጽሑፍ ገና አላነበብኩም። ማኬንዚ በካሊፎርኒያ በሠራው በፓሳቲየምፖ ሜዳ ስድስተኛ ጉድጓድ ዳር ይኖር ነበር፤ በጥር 1934 ሲሞትም ከሁሉ በላይ ስሙን የሚያስጠራውን የኦገስታን ሜዳ ተጠናቆ አላየውም። እዚያም ወረቀቱንና ሐሳቡን ተቀብሎ የጨረሰው ሌላ ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ ሆኖ የሚጠቀሰው አርክቴክቱ ፒት ዳይ ነው። ንድፍ አይወድም ነበር፤ ሜዳ ላይ ቆሞ በእጁ እያመለከተ ይሠራ፣ ያፈርስ፣ መልሶም ይሠራ ነበር። ኩርም ሆነ የዘመናችን አርክቴክት ቶም ዶክ ከእሱ ሥር ሠርተው ስለወጡ የዛሬው የሜዳ ሰው አምልኮ አባቱ እሱ ነው። ችሎታውን አልክድም። ይሁን እንጂ ዳይን ያለ ንድፍ እንዲሠራ ያስቻለው ከጎኑ የማትጠፋ ሌላ አእምሮ መኖሯ ነው፤ ሂሱ ግን ይህችን ሴት በግርጌ ማስታወሻ ሲያልፋት ኖሯል።

አሊስ ዳይ ከባሏ የማትተናነስ አርክቴክት ነበረች። ባልና ሚስቱ ሥራውን ሲጀምሩ ኢንዲያናፖሊስ በሚገኘው ቤታቸው ግቢ ለግሪን የሚሆን ሣር አብቅለው፣ በኦልድስሞቢል መኪናቸው የዕቃ ማስቀመጫ ጭነው ለመጀመሪያው ሜዳቸው አድርሰዋል። ስለ ቤት ስቱዲዮ በሚጻፍ ማንኛውም ጥናት የመጀመሪያውን ገጽ መያዝ የሚገባው ይህ ግቢ ነው። ሌሎች በቤታቸው ውስጥ የሜዳ ሥዕል ሲያንጠለጥሉ እነሱ ደጃቸው ላይ የሜዳውን ቆዳ ራሱን አሳደጉ። በሃርበር ታውን ሜዳ የ13ኛው ጉድጓድ ግሪን የእሷ እጅ አለበት። በፍሎሪዳው ቲፒሲ ሶውግራስ ሜዳ በ17ኛው ጉድጓድ ዙሪያ የነበረው ጥሩ አሸዋ ለሌላ ሥራ ተቆፍሮ ሲያልቅ ትልቅ ጎድጓዳ ቀረ፤ ውሃ ይሞላና ግሪኑ ደሴት ይሁን ያለችው አሊስ ናት። በዓለም ላይ በብዛት ፎቶግራፍ ከሚነሱት ጉድጓዶች አንዱ እንዲህ ተወለደ። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ሥራዋ ግን ሌላ ነው። ሴቶች ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ርቀት እንዳይመቱ አጠር ያሉ መነሻዎች እንዲሠሩ ርቀቱን እያሰላች፣ እየጻፈች ክለቦችን ስትሞግት ኖራለች። ይህ የጠረጴዛ ሥራ ነው፤ ከየትኛውም የዶዘር ጀብዱ በላይ ብዙ ሰው ጎልፍ እንዲጫወት በር የከፈተ የጠረጴዛ ሥራ። በ1997 የአሜሪካ የጎልፍ ሜዳ አርክቴክቶች ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ስትሆን ዕውቅናው በጣም ዘግይቶ ነበር የደረሳት።

ጠረጴዛን ስደግፍ አንድ ነገር ግን በግልጽ መለየት አለበት። በመጽሔት ገጾች «የአርክቴክቱ ስቱዲዮ» ተብሎ የሚቀርበው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ላይ በውሃ ቀለም የተዋበ ትልቅ ፕላን የተሰቀለበት ነው። አረንጓዴው ብሩህ፣ ኩሬው ሰማያዊ፣ ዛፉ ሁሉ ክብ። ያ ፕላን የተሠራው ለፎርማን አይደለም፤ ለቤት ገዢና ለባንክ ነው። ከፍታ አይነግርም፣ ጥልቀት አይነግርም። ቪላዎቹ ከፌርዌዩ ምን ያህል እንደሚርቁ ግን በደንብ ይነግራል። በቢሮ አርክቴክት ላይ የሚወርደው ወቀሳ ለዚህ ሥዕል ይገባል። ጥፋቱ ግን ይህን ከሮስ ባለካሬ ሉክ ጋር በአንድ ከረጢት ውስጥ መጨመር ነው።

የኮምፒውተር ክፍልም ያለ ምርመራ መወገዝ የለበትም። በ1914 «ካንትሪ ላይፍ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ለአንድ ጉድጓድ ንድፍ ውድድር ሲያወጣ ያሸነፈው ያኔ ሊድስ ከተማ ሐኪም የነበረው ማኬንዚ ነው፤ ወረቀት ላይ ብቻ የነበረውን ያን ጉድጓድ መነሻ አድርጎ ቻርልስ ብሌር ማክዶናልድ በሎንግ አይላንዱ ሊዶ ሜዳ የ18ኛውን ጉድጓድ ሠራ። ሊዶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፋ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሙያው ሌላ የሆነ አንድ የጎልፍ ወዳጅ አሮጌ ፎቶግራፎችን እያመሳከረ ሜዳውን በቪዲዮ ጨዋታ ሶፍትዌር መልሶ ገነባው። ዶክም ያንን የስክሪን ሥራ መነሻ አድርጎ በ2023 ዊስኮንሲን ውስጥ መሬት ላይ አቆመው። በዘመናችን የሜዳ ሰዎች አውራ የሆነው ዶክ አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ከሠራው ሥራ ሜዳ ማውጣቱ ደጋፊዎቹን ቆም ብለው እንዲያስቡ ማድረግ ነበረበት።

ለወረቀቱ ያለኝ ፍቅር የሚፈተነው ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በሚገኘው በአሮኒሚንክ ነው። ሮስ ነድፎት በ1928 የተከፈተው ይህ ሜዳ ሁለት ጊዜ «ወደ ቀድሞው ተመለሰ» ተብሏል። አርክቴክቱ ሮን ፕሪቻርድ በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሮስን ንድፎች ተከትሎ ሠራው፤ ባንከሮቹ በወረቀቱ ላይ እንዳሉት ትልልቅና ጥቂት ሆኑ። ሌላው አርክቴክት ጊል ሃንስ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ሜዳው በተከፈተ ሰሞን ከአየር የተነሱ ፎቶግራፎችን ተከትሎ ሠራው። ፎቶግራፎቹ ላይ ንድፉ አንድ ባንከር ባለበት ቦታ የትናንሽ ባንከሮች ስብስብ ይታያል፤ ብዛታቸው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ለውጡን ያደረገው ሮስ ራሱ ይሁን ሥራውን በቅርብ የመራው ማክጎቨርን ያከራክራል።

ሜዳው ላይ ሲታይ የሃንስ ውሳኔ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የተሠራው የተሠራ ነው፣ ትንንሾቹ ባንከሮችም የበለጠ ሕይወት አላቸው። ፕሪቻርድ ግን ተሳስቷል የሚለውን ፍርድ አልቀበልም። እሱ ያነበበው ሮስ ለፎርማኑ የጻፈውን ነው፤ ሃንስ ያነበበው ፎርማኑ ለሮስ የመለሰውን ነው። ለአሮኒሚንክ የሚያስፈልገው ሉኮቹንና የአየር ፎቶግራፎቹን ጉድጓድ በጉድጓድ ጎን ለጎን አድርጎ የሚያትም፣ ከፍታውንም ዛሬ ካለው መሬት ጋር የሚያመሳክር ጥናት ነው። ባንከሮቹ ከተቀየሩ ዘንዳ ግሪኖቹ ላይ ያሉት የጫማ ቁጥሮች ተጠብቀው ይሆን? ማክጎቨርን ቁጥሩን አክብሮ መስመሩን ብቻ ለውጦ ከሆነ፣ ሮስ የፈቀደለትን ነጻነት በልኩ ተጠቅሞበታል ማለት ነው።